ግልጽ ደብዳቤ፦ ግድቡ ከመሠራቱ በፊት በጥቁር ውኃ ያለው ሕይወት ይቆጠር

ለተከበራችሁ የግድቡን ሥራ ለምታጠኑና ለምትወስኑ የሥራ ኃላፊዎች
ሐዋሳ

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ሠርተን የምናድር ሰዎች ነን። ጀልባ እንነዳለን፣ መረብ እንጥላለን፣ እንግዳ ይዘን ጉማሬና ወፍ እናሳያለን። በአደባባይ የጻፍነው በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባነው ደብዳቤ መልስ ስላጣ ነው። ቁጥር ወጥቶለታል፣ ማኅተምም አርፎበታል። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ የሚነግረን ሰው አላገኘንም። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልን። «በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በሉ» ተባልን። እኛ በር ስናንኳኳ፣ ወደ ጥቁር ውኃ ከሚገቡት ጅረቶች በአንዱ ላይ የመስኖ ግድብ ሊሠራ መወሰኑንና ቅየሳው መጀመሩን ሰማን። ይህንንም የነገሩን ቀያሾቹ ምሳ የሚበሉበት ቤት ሰዎች ናቸው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ግድብ አይሠራ እያልን አይደለም። ከላይ ያለው ገበሬ ዘመዳችን ነው። በልጉ ሲዛነፍ ምን እንደሚገጥመው እናውቃለን፤ ልጆቹን ወደ ከተማ የሚልከው እኛው ቤት ነው። ውኃ ይገባዋል። እኛ የምንለው ውኃው ከመያዙ በፊት ከታች ማን እንደሚኖርበት ይታወቅ ነው። እስካሁን ይህ አልተደረገም።

ሐይቃችን ወደ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ የሚገባበት ወንዝም አንድ ነው፣ ጥቁር ውኃ። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች መጀመሪያ ጨለለቃ ረግረግ ላይ ይተኛሉ፣ ከዚያ ተሰብስበው በጥቁር ውኃ በኩል ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ጨለለቃ በአባቶቻችን ዘመን ሐይቅ ነበር። ዛሬ ረግረግና ግጦሽ ነው። ስለዚህ በነዚህ ጅረቶች ላይ የሚሠራ ማንኛውም ነገር ድንግል ቦታ ላይ አያርፍም። አንድ ሐይቅ ቀድሞ የጠፋበት ተፋሰስ ላይ ነው የሚያርፈው።

ጥቁር ውኃ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ከአሞራ ገደል ጀልባ የሚከራይ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀን «ጉማሬ እናያለን?» ብሎ ነው። ጠዋት በማለዳ ስትሄዱ ሞተሩን ራቅ አድርገን እናጠፋዋለን። ቀድሞ የሚታየው ጆሮው ነው፣ ውኃውን ለማራገፍ ቶሎ ቶሎ ያርገበግበዋል። ቀጥሎ ዓይኑና አፍንጫው ይወጣል፣ ትንፋሹን እፍ ሲል የውኃ ብናኝ ይረጫል። ከዳር ፊላው መሃል ሌሊት ሲወጣና ሲገባ ያበጀው መንገድ አለ። ሰው የጠረገው ይመስላል። ጭቃው ላይ ባለ አራት ጣት ዱካው ይታያል። ፋንድያውን በጭራው እየበተነ ስለሚሄድ ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ያው ፋንድያ ውኃ ውስጥ ሲገባ ለትንንሽ ነፍሳት፣ በነሱም በኩል ለዓሣ ምግብ ይሆናል።

ጉማሬ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብሎ የተመዘገበ እንስሳ ነው። በመላው አፍሪካ የቀረው ከ115,000 እስከ 130,000 ይሆናል ተብሎ ይገመታል። ለአንድ አህጉር ይህ ብዙ አይደለም። ለአደጋ ያጋለጡት ዋና ነገሮችም ሁለት ናቸው፦ ለሥጋውና ለጥርሱ መታደኑ፣ እንዲሁም ውኃውንና ግጦሹን ሰው መውሰዱ። ሴቷ ስምንት ወር ገደማ አርግዛ አንድ ትወልዳለች። ቁጥሩ አንዴ ከወረደ ቶሎ አይመለስም።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንግባ።

የመጀመሪያው የባለድርሻ አካላት ውይይት ተብሎ የተጠራው ስብሰባ ነው። እኛ አልተጠራንም። ከመካከላችን አንዱ በቀበሌ በኩል በአጋጣሚ ገብቶ ተቀመጠ። ግድግዳው ላይ ከታየው ጽሑፍ አንዱ «በፕሮጀክቱ ክልል ለአደጋ የተጋለጠ የዱር እንስሳ አልተገኘም» የሚል ነበር። እጁን አውጥቶ ጉማሬውን አነሳ። የተሰጠው መልስ «እሱ ከፕሮጀክቱ ክልል ውጪ ነው» የሚል ነው። የፕሮጀክቱ ክልል የሚባለው ግድቡ የሚቆምበት ቦታ፣ ውኃው የሚተኛበት መሬትና የመስኖው ቦይ ነው አሉ። ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ አልገባበትም።

ይህን ደጋግመን ተነጋገርንበት፣ ሊዋጥልን አልቻለም። ግድብ ከሁሉ በላይ የሚለውጠው ከበታቹ ያለውን ውኃ ነው። መጠኑን ይለውጣል፣ የሚመጣበትን ወር ይለውጣል፣ ሙቀቱን ይለውጣል፣ ይዞት የሚወርደውን ደለል ይለውጣል። ከግድቡ በታች ያለውን ያላየ ጥናት ዋናውን ጉዳይ ትቶታል። መስመሩ አጥሮ ስለተሰመረ ነው እንስሳው ያልተገኘው።

በዚያ ላይ ጥናቱ የተሠራው በበጋ፣ ያውም በቀን እንደሆነ እዚያው ስብሰባ ላይ ተነግሯል። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ነው፣ የሚግጠው ሌሊት ነው። ስለ አምባዛም ልንገራችሁ። ዝናቡ ገብቶ ውኃው የዳሩን ሣር ሲያለብስ አምባዛ ወደዚያ ጥልቀት የሌለው ውኃ እየወጣ እንቁላሉን ይጥላል። ያን ሰሞን መረብ ውስጥ የምትገባው ሴት አምባዛ ሆዷ በእንቁላል ተወጥሮ ነው የምትመጣው፣ ጫን ስትሏት አረንጓዴ ቢጤ እንቁላል ይፈሳል። አዋቂ አስጋሪ ይህን ሲያይ መረቡን ከዚያ ቦታ ያነሳል። በበጋ የመጣ አጥኚ ይህን ከየት ያየዋል? ግድብ ደግሞ መጀመሪያ የሚይዘው ይህንኑ የዝናብ መግቢያ ጎርፍ ነው። ዓሣው የሚጠብቀው ምልክት ሳይመጣ ይቀራል።

«ሐይቁ እንኳን ሊያንስ ሞልቶ ከተማውን ሲያስጨንቅ አይደል የኖረው?» የሚለን ሰው አለ። እውነት ነው፣ ሞልቶ ያሰጋበት ጊዜ ነበር። በከተማው በኩል ባለው ዳርቻ የአፈር ግድቡ የተሠራውም ለዚያ ነው። ይሁን እንጂ የሐይቁ ከፍታ አንድ ነገር ነው፣ የረግረጉና የወንዙ ጤና ሌላ። ሐይቁ እንደሞላ ረግረጉ ሊደርቅ ይችላል። ወንዙ ሲያንስ ደግሞ ከከተማውና ከፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ የሚቀጥንበት ውኃ ያጣል። ፍሳሹ ግን አይቀንስም። በእርግጥ ግድቡ ወደ ሐይቁ የሚገባውን ደለል በመያዝ የሚጠቅምበት መንገድ ሊኖር ይችላል፣ እኛም እንፈልገዋለን። ጥቅሙም ጉዳቱም በቁጥር ተጽፎ እንየው ነው የምንለው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ሰነዱን መከልከላችን ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውን አሳዩን ብለን ስንጠይቅ «የውስጥ ሰነድ ነው» ተባልን። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አንቀጽ 15 የጥናት ሪፖርቱ ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። በተለይ ጉዳቱ ሊደርስበት የሚችለው ሕዝብ ያለው ሐሳብ እንዲካተት ይላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92ም ሰዎች በቀጥታ የሚነካቸው ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲፈጸም ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። እኛ የሕግ ሰዎች አይደለንም። ቢሆንም አማርኛ እናነባለን። ሕጉ የሕዝብ ያደረገውን ሰነድ የውስጥ ነው ብሎ መመለስ አይቻልም።

ሦስተኛው የጥድፊያው ነገር ነው። «በጀቱ ካልተነካ ተመላሽ ይሆናል» የሚል ነገር ሰምተናል። የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል። አምባዛ የሚራባበትን ወቅት ግን በሰኔ 30 መዝጋት አይቻልም። እንዲህ የሚጣደፍ ሰው ሌላ አገር ምን እንደገጠመው ጥቂት እንበላችሁ፤ ፈልገን ያነበብነው ለዚሁ ነው።

እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ታንዛንያ ውስጥ፣ በኡዙንግዋ ተራሮች ላይ ኪሃንሲ የሚባል ወንዝ አለ። ገደል ላይ እየተወረወረ ስለሚወርድ ከሥሩ ያለው ቦታ ሁሌ በውኃ ብናኝ የራሰ ነበር። በዚያ ብናኝ ውስጥ ብቻ የምትኖር ቢጫማ ትንሽ እንቁራሪት ተገኘች። መኖሪያዋ በሙሉ ቢለካ ጥቂት ሄክታር ነው። እንደሌሎቹ እንቁላል ጥላ አትሄድም፣ ልጆቿን ወልዳ ነው የምትጥለው። ችግሩ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1996 መሆኑ ነው። 180 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የኃይል ማመንጫ ግንባታ ያኔ ተጀምሯል። የመጀመሪያው ጥናት እሷን አላያትም። ግድቡ ሥራ ሲጀምር አብዛኛው ውኃ ወደ ተርባይኑ ዞረ፣ ገደሉ ደረቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። እንደ ድሮው ብናኝ እንዲኖር ተብሎ ገደሉ ላይ ቧንቧና መርጫ ተዘረጋ። 499 እንቁራሪቶች በአውሮፕላን ተጭነው ወደ አሜሪካ የእንስሳት ማቆያዎች ተወሰዱ። እዚያው የቀሩት ላይ የቆዳ ፈንገስ ገባባቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በተፈጥሮ መኖሪያዋ ጠፍታለች ተብሎ ታወጀ። በ2012 በማቆያ የተራቡት ተመልሰው ገደሉ ውስጥ ተለቀቁ። ይህ ሁሉ ድካም፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ፣ ከግንባታው በፊት አንድ ዓመት ገደሉን ዞሮ የሚያይ ሰው ባለመላኩ ነው። ታንዛንያ መብራቷን አላጣችም። ቀድማ ብታውቅ ኖሮ ግን የሚለቀቀውን ውኃ ከመጀመሪያው በዲዛይኑ ውስጥ ታስገባው ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቴሊኮ የሚባል ግድብ ነበር። በቴነሲ። ግንባታው ተጋምሶ እያለ እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ የጣት ርዝመት የምታክል ዓሣ በወንዙ ውስጥ ተገኘች። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በ1978 ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ሕጉ ዓሣዋን ይጠብቃል፣ ግድቡ ይቁም አለ። ያኔ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል። በዓመቱ ምክር ቤቱ ግድቡን ከሕጉ ነፃ አወጣውና ውኃው ተያዘ። ዓሣዋ የተረፈችው ወደ ሌሎች ወንዞች ተወስዳ ስለተለቀቀችና ሌላም ቦታ ስለተገኘች ነው። በ2022 ከአደጋ መዝገቡ ወጣች። በ2025 ደግሞ አጥኚዎች ለብቻዋ የቆመች ዝርያ አይደለችም፣ ከሌላ የታወቀ ዓሣ ጋር አንድ ናት አሉ። ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች «አያችሁ፣ ክርክሩ በከንቱ ነበር» ይላሉ። እኛ የምናየው ሌላ ነው። ጥናቱ ሲሚንቶው ከፈሰሰ በኋላ ስለመጣ ግድብ ሠሪውም፣ ዓሣ ጠባቂውም፣ ፍርድ ቤቱም በቂ እውቀት ሳይኖራቸው ነው የተሟገቱት።

ሩቅ አገር ምን አስኬደን? ጣና ላይ ቢልጫ የምንለው የዓሣ ወገን ከደርዘን የሚበልጥ ዝርያ አለው፣ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ከነሱ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ርብን፣ ጉማራን፣ መገጭን የመሳሰሉ ወንዞችን ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ ነው የሚራቡት። ርብ ላይ ግድብ ቆሟል። ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ ግድግዳ ሲገጥመው ምን እንደሚሆን ቻይናም አሳይታናለች። ያንግዜ ወንዝ ላይ ገጆባ የተባለው ግድብ እ.ኤ.አ. በ1981 ወንዙን ዘጋ፣ መራቢያው ከግድቡ በላይ የነበረው ባለ ረጅም አፍንጫው ትልቅ ዓሣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2003 ነው። በ2022 ጠፍቷል ተብሎ ተመዘገበ።

የኛ ግድብ ከነዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፣ ትንሽ ነው። ጅረቱም ትንሽ ነው። ሐይቁም አንድ ወንዝ ብቻ ያለው ነው። ለትንሽ ግድብ የሚበቃ ጥናት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለን፣ የባዮሎጂ መምህራን አሉን፣ ጀልባውም መረቡም በእጃችን ነው።

የመጨረሻው ቅሬታችን ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። የውኃው ክፍል ወደ አካባቢ ጥበቃ ይልከናል። አካባቢ ጥበቃ «እኛ የጸደቀ ነው የመጣልን» ይላል። አማካሪው ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ረግረጉ ጠቦ ጉማሬ ከገበሬው በቆሎ ውስጥ ቢገባ፣ ገበሬው ወደ ማን ይሂድ? አሁንም አልፎ አልፎ ይገባል፣ ያን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮ እየደበደበ የሚያድረው ገበሬው ራሱ ነው። ሰውም ሊጎዳ ይችላል፣ እንስሳውም ይገደላል። ሁለቱንም ያጋጨው ግን ሦስተኛ ወገን የወሰነው ውሳኔ ይሆናል።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

የግምገማ ሰነዱ በሙሉ ይውጣ፣ በአማርኛም በሲዳምኛም። በቢሮ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን አሞራ ገደል የዓሣ ገበያው በር ላይም ይለጠፍ፣ ግልባጩም በየቀበሌው ይቀመጥ። አስተያየት ለመስጠት የሚበቃ ጊዜ ይሰጠን።

ጥናቱ ከግድቡ በታች እስከ ሐይቁ መግቢያ ድረስ እንዲዘልቅ እንደገና ይሠራ። በጋንም፣ በልግንም፣ ክረምትንም ይይ። የጉማሬው ቆጠራ ሌሊትንም ያካትት። ዓሣው የሚራባባቸው ቦታዎች በካርታ ላይ ይቀመጡ። ለዚህ ጀልባ እናቀርባለን፣ ቦታውንም እናሳያለን፣ ክፍያ አንጠይቅም።

ከግድቡ በታች ሁልጊዜ መለቀቅ ያለበት ዝቅተኛ የውኃ መጠን በውሉ ውስጥ በቁጥር ይጻፍ። የዝናብ መግቢያ ጎርፍ ሲመጣ የተወሰነው እንዲያልፍ በሩ የሚከፈትበት ደንብ አብሮ ይሠራ። ልኬቱ በየወሩ ለሕዝብ ይነገር። «እንደ አስፈላጊነቱ ይለቀቃል» የሚል ቃል አንቀበልም፣ በድርቅ ዓመት አስፈላጊነቱን የሚወስነው በሩን የያዘው ሰው ስለሆነ።

ግድቡን የሚከታተለው ኮሚቴ ውስጥ ከላይ ገበሬው፣ ከታች አስጋሪውና አስጎብኚው መቀመጫ ይኑራቸው። ገበሬው እህሉ በጉማሬ ሲበላ አቤት የሚልበት አንድ ቢሮ፣ አንድ ስልክ ቁጥር ይታወቅ።

እነዚህ እስኪሟሉ ድረስ የቁፋሮ ሥራ አይጀመር። ከላይ ላለው ገበሬም መዘግየቱ ምክንያቱ ምን እንደሆነ እናንተው ንገሩት፣ እኛም አብረን ሄደን እናስረዳለን። ጠላት ሆነን እንድንታይ አንፈልግም።

መዝገብ ቤት ያለው ደብዳቤያችን አሁንም መልስ ይፈልጋል። መልሱን በጽሑፍ፣ በኃላፊ ፊርማ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር

በሐዋሳ ሐይቅ ላይ የምንሠራ ጀልባ ነጂዎችን፣ ዓሣ አስጋሪዎችንና አስጎብኚዎችን በመወከል
የአስጎብኚዎች ተጠሪ
ሐዋሳ

ግልባጭ
ለአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት
ለወንዶ ገነትና ለጥቁር ውኃ አካባቢ ቀበሌዎች
ለከተማው ነዋሪ ሕዝብ